ነፃው የካታላንኛ ኮርስ ያዋጣል ወይ? ጨርሼው የታዘብኩትን ልንገራችሁ

ባርሴሎና የምትኖሩ ሐበሾች ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል። «ስፓኒሹን በቅጡ ሳንይዝ ካታላንኛ ደግሞ ምን ሊያደርግልን?» ትላላችሁ። ካታላንኛ ባርሴሎና ያለችበት የካታሎኒያ ክልል የራሱ ቋንቋ ነው፣ ከስፓኒሽ የተለየ። እኔም እንዲያው ስል ሁለት ዓመት ፈጅቻለሁ። አሁን ሦስቱንም መሠረታዊ ደረጃዎች ጨርሼ ምስክር ወረቀቴን ይዣለሁ። በሳምንት አንድ ሰዓት ከፈቃደኛ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚወራበትን ፕሮግራምም ሞክሬዋለሁ። ሁለቱን ለየብቻ ነው የምመዝናቸው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ከየት ተነስቼ እንደምናገር ይታወቅ። የመርካቶ ልጅ ነኝ። ቤሩት አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ዐረብኛ ያስተማረኝ ጩኸት ነው፤ የተጠራውን ዕቃ ካላመጣሁ ይጮኽብኛል፣ ካመጣሁ ዝም ይባላል፣ በዚህ መንገድ አንድ መዝገበ ቃላት ሙሉ ያዝኩ። ባርሴሎና ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ወደ ዘጠና የተጠጉ አንዲት እናት መንከባከብ ነው፦ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ሐኪም ቤት ማመላለስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማውራት። ስማቸው ሙንሰራት ነው፣ እኔ እማማ ነው የምላቸው። ቃሉን ወደውት ስልክ ሲያነሱ ራሳቸው «እማማ ነኝ» ማለት ጀምረዋል፤ ልጃቸው መጀመሪያ ቁጥር የተሳሳተች መስሏት ነበር።

ሥራ ስጀምር የምንግባባው በስፓኒሽ ነበር። ከዓመት በኋላ እማማ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሄደው የቅርብ የቅርቡ ነው፤ ቁልፉ የት ገባ፣ ኪኒኑን ውጫለሁ አልዋጥኩም። ከዚያ ስፓኒሹ ራሱ ይሸሻቸው ጀመር፤ በተለይ ሌሊት። አንድ የጥር ሌሊት ተነስተው «ታንከ ለ ፊነስትረ» ይሉኛል። ታንክ የሚል ነገር ነው ጆሮዬ የያዘው። ውሃ አመጣሁ፣ በእጃቸው መለሱት። ኪኒን አመጣሁ፣ ተቆጡ። ደግፌ መጸዳጃ ቤት ወሰድኳቸው፣ ተከተሉኝ ግን አልፈለጉም። ሲመለሱ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ለካ መስኮቱ ክፍት ነው፣ «ዝጊው» ነው የሚሉኝ። በስፓኒሽ መስኮት «ቬንታና» ነው፤ ከ«ፊነስትረ» ጋር ምን ያገናኘዋል? በማግስቱ ነው ለመመዝገብ የወሰንኩት። ወረቀት ለማግኘት አይደለም፣ ለባህል ፍቅርም አይደለም። መስኮት ለመዝጋት ነው።

በመጀመሪያ ገንዘብ ከፍዬ አንድ የግል ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ስሙን ተዉት። ካታላንኛውን በስፓኒሽ ሰዋስው ነበር የሚያስረዱት፤ ስፓኒሹ ለጎደለው ሰው በጭለማ መርፌ መፈለግ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አቆምኩ። ከዚያ ነው የሆንዱራስ ጓደኛዬ ነፃ ኮርስ እንዳለ የነገረችኝ።

ነፃ ስል በእውነት ነፃ ነው። የካታሎኒያ መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቶቹ አንድ ላይ ሆነው ከ1989 ጀምሮ ለአዋቂዎች ካታላንኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። መሠረታዊው ትምህርት ሦስት ደረጃ ነው፣ እያንዳንዱ 45 ሰዓት። እኔ በሳምንት ሁለት ማታ ነበር የምሄደው፤ እማማን ልጃቸው ትይዝልኝ ነበር። ከኪሴ ያወጣሁት ለመጽሐፍና ለፎቶ ኮፒ ብቻ ነው።

ክፍላችን ውስጥ አንድ ባለ ሱቅ ፓኪስታናዊ፣ ሁለት ከሞሮኮ ሪፍ ተራሮች የመጡ አማዚግ ሴቶች፣ አንዲት ዩክሬናዊት፣ ሦስት እንደኔ አረጋውያን የሚጠብቁ ሆንዱራሶችና እኔ ነበርን። አስተማሪዋ አጭር፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ እጇ ጠመኔ የነካው ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን አንድም ቃል ስፓኒሽ አልተናገረችም። በር ከፈተች፦ «ፖርተ»። ዘጋች፦ «ታንከ»። ልቤ ዘለለ! ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ «ፊነስትረ» ስትል ድምፄን አውጥቼ ሳቅኩ፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ስፓኒሽ አለመጠቀሟ ሆንዱራሶቹን ትንሽ ቅር አሰኝቷቸዋል፤ ለእኔ፣ ለፓኪስታናዊውና ለዩክሬናዊቷ ግን ሜዳውን አስተካከለልን።

ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ተራዬ ደርሶ «ኢትዮጵያ» ስል፣ «ደራርቱ!» አለች። በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ ሙንዥዊክ ስታዲየም ውስጥ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ ከዚያም ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን ስትዞር በልጅነቷ በቴሌቪዥን አይታለች። እኔ ያላወቅኩትን ነገር ጨመረችልኝ፦ በዚያ ኦሊምፒክ ካታላንኛ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከስፓኒሽ እኩል ይፋዊ ቋንቋ ነበር። ወርቃችን በካታላንኛም ተለፍፎልናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ይህ ቋንቋ ለአማርኛ ተናጋሪ አፍ የተሠራ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ስፓኒሽ ዝ የለውም፣ ዥ የለውም፣ ጅ የለውም። ካታላንኛ ሁሉም አለው፣ ሽም ችም ኝም ተጨምሮ። አስተማሪያችን ምላስ የሚያስር ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፈች፦ «ሴድዘ ዡጀስ ዱን ዡጃት ሜንዠን ፌጀ ዱን ፐንዣት»። ትርጉሙ አስፈሪ ነው፤ የአንድ ፍርድ ቤት አሥራ ስድስት ዳኞች የተሰቀለ ሰው ጉበት ይበላሉ። ሆንዱራሶቹ ዡን ቹ፣ ጀን የ እያደረጉ ተንገላቱ። እኔ በሁለተኛው ሙከራ ጥርት አድርጌ ስወጣው ፓኪስታናዊው አጨበጨበልኝ።

ምሥጢሩን ልንገራችሁ፦ ደብተሬ ላይ ንባቡን በፊደል ነበር የምጽፈው። በላቲን ሲጻፍ ባዶ «ኣ» የሚመስለው ድምፅ፣ ጠንክሮ ካልተጠራ የኛ ግዕዝ ይሆናል። ባርሴሎና የሚሉት ስፓኒሾቹ ናቸው፤ ካታላኖቹ «በርሰሎነ» ነው የሚሉት። ካታሎኒያን ራሷን «ከተሉኘ» ይሏታል፣ መጨረሻዋ ኘ፣ ቁጭ የፊደል ገበታ። ቤት «ካዘ»፣ ሴት «ዶነ»፣ እንደምን አደራችሁ «ቦን ዲየ»። ውሃ ደግሞ «አይጐ» ነው። ያቺ ጐ፣ ዛሬ ሁላችንም ጎ እያልን የምናልፋት፣ የኔታ ያለ ምክንያት እንዳላስቆጠሩን የገባኝ በርሰሎነ ውስጥ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ዩክሬናዊት ደብተሬን አይታ «ይሄ ኮድ ነው?» አለችኝ።

ሌላም አለ። ይጠብቃል፣ ይላላል የምንለውን ታውቃላችሁ፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «ገና አልመጣም»። እኛ አንጽፈውም፣ ያወቀ ያውቀዋል። ካታላኖች ግን ለአንድ ፊደላቸው ምልክት አበጅተውለታል፦ ሁለት «ል» ይጽፉና መሃላቸው ላይ፣ ከመስመሩ ከፍ አድርገው፣ አንዲት ነጥብ ያስቀምጣሉ። «ኩልሌዢ»፣ ትምህርት ቤት፣ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። ነጥቧ በ1913 በወጣው የአጻጻፍ ደንብ ውስጥ የጸናች ናት። ደንቡን ከመሩት ዋናው ፑምፔው ፋብረ በትምህርቱ ኢንዱስትሪ መሐንዲስ ነበር፤ ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነው። በ1918 ሰዋስዉን፣ በ1932 መዝገበ ቃላቱን አወጣ፣ ጄኔራል ፍራንኮ የእርስ በርስ ጦርነቱን ሲያሸንፍ ተሰደደ፣ በ1948 ፈረንሳይ ውስጥ ፕራደ በምትባል ከተማ አረፈ። ዛሬ በስሙ ዩኒቨርሲቲ አለ። መሐንዲስነቱ ነጥቧ ላይ ይታያል፤ ብሎን ነው የምትመስለው። እውነቱን ለመናገር በመንገድ ላይ ብዙ ሰው አያጠብቀውም፣ ነጥቧ ለወረቀት ቀርታለች። አስተማሪያችንም ስንጠይቃት ሳቅ ብላ አለፈችው።

ሰዋስዉ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ወጥመድ ብቻ። «እሄዳለሁ» የሚለውን ቃል ከሌላ ግስ ፊት ካስቀመጡት ያለፈ ጊዜ ይሆናል። በስፓኒሽ ያው አሠራር «ልሠራ ነው» ማለት ነው። እማማ አንድ ቀን ሶፋ ላይ ደህና ተቀምጠው «ባች ካውረ» አሉኝ። እኔ በስፓኒሽ ጆሮ «ልወድቅ ነው» ብዬ ሰምቼ የያዝኩትን ሳህን ጥዬ ዘልዬ አቀፍኳቸው። «ወደቅኩ» ነበር ያሉት፤ በልጅነታቸው ከበለስ ዛፍ ላይ። ሳህኑ ተሰበረ፣ እማማ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ሌሎች ተማሪዎች የሚያለቅሱባቸው ትናንሽ ተውላጠ ስሞች ግን ለእኛ ቀላል ናቸው። በግስ ጫፍ ላይ «በት» እና «ለት» እየለጠፈ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሰዓቱን ግን ማንም አስቀድሞ አላስጠነቀቀኝም፣ እኔ ላስጠንቅቃችሁ። የእማማ ልጅ ደውላ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ «ትሬስ ኳርትስ ደ ኖው» ነው አለችኝ። ሦስት ሩብ፣ ዘጠኝ። ዘጠኝ ከአርባ አምስት ብዬ ተረጋግቼ፣ እማማን አልብሼ፣ ጸጉራቸውን አበጥሬ ስንደርስ ሰዓታችን ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ካታላኖች ሰዓትን እንደ እንስራ ነው የሚያስቡት። ዘጠነኛዋ እንስራ ከስምንት ሰዓት በኋላ መሞላት ትጀምራለች፤ አንድ ሩቧ ሲሞላ 8:15፣ ሁለት ሩቧ 8:30፣ ሦስት ሩቧ 8:45። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ማለቷ ነበር። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ከዚህም ወደ ሐበሻ ሰዓት እመልሰዋለሁና፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት እስኪሆንልኝ ድረስ ላብ ያጠምቀኛል።

የኮርሱ ጉድለት? አለው። የተማርኩበት ቦታ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሌላው ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ለሥራ የሚሆነን ቃል ጥቂት ነው። ክፍሉ ግማሹ አረጋዊ የሚያጥብ ሰው ሆኖ ሳለ ዳይፐር፣ የአልጋ ቁስል፣ ማስታገሻ፣ የደም ግፊት መለኪያ የሚሉትን ማንም አላስተማረንም፤ እኛው ጠይቀን አወጣናቸው። በዓል ግን በሽ ነው። በየወሩ አንድ በዓል ይመጣል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ኬክ ይቆረሳል። ለገና ግንድ ላይ ብርድ ልብስ አልብሰው ልጆች በዱላ እየመቱ ስጦታ «እንዲያራ» ያደርጉታል፤ እስኪገባኝ ድረስ የሰማሁትን ተጠራጥሬ አስተማሪዋን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። በዓሉን አልጠላሁትም፣ ግን ከሦስት በዓል አንዱን ለዳይፐር ቢሰጡን። ሁለተኛ፣ ቦታ ቶሎ ይሞላል። ማመልከቻ ሲከፈት ስልክ ይዞ መጠበቅ ነው፤ እኔ አንድ ዙር አምልጦኝ ሦስት ወር ቤቴ ተቀምጫለሁ።

ትልቁ ችግር ግን ከክፍሉ በር ውጭ ነው የጠበቀኝ። 45 ሰዓት ተምሬ፣ ልብሴን አስተካክዬ፣ ዳቦ ቤት ገብቼ «ቦን ዲየ» ብዬ አንድ ዳቦ ስጠይቅ ሴትዮዋ በስፓኒሽ ትመልስልኛለች። በካታላንኛ እቀጥላለሁ፣ በስፓኒሽ ትቀጥላለች። ከኋላዬ የቆመውን ነጭ ሽማግሌ ደግሞ በካታላንኛ ታነጋግረዋለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ። ምን ዋጋ አለው አልኩ። ሰፈሩ በሙሉ ቋንቋችን ሞተ እያለ ያለቅሳል፣ ልናገርላችሁ ስል ደግሞ አፌን ይዘጋሉ። አስተማሪያችን በነገረችን ጥናት መሠረት ካታሎኒያ ውስጥ የዘወትር ቋንቋዬ ካታላንኛ ነው ያለው ሰው በ2003 ከመቶ 46 ነበር፤ በ2023 ወደ 32.6 ወርዷል። የሚያስተምሩን ለዚህ ነው። ታዲያ የሚለማመድልን ማነው?

ስለዚህ ነው ሁለተኛውን አገልግሎት ከመጀመሪያው ያስበለጥኩት። ስሙ በግርድፉ «በፈቃድ ለቋንቋ» እንደማለት ነው፤ ከ2003 ጀምሮ አለ። ካታላንኛ የሚችል ሰውና የሚማር ሰው ያጣምዳሉ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አሥር ሳምንት፣ በነፃ። መጽሐፍ የለ፣ ፈተና የለ። የምትገናኙበትን ቦታ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

እኔ በአእምሮዬ እንደ እማማ ያሉ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴት ነበር የጠበቅኩት። የተባለው ካፌ ስገባ ጥግ ላይ አንዲት ሃያ ዓመት ያልዘለለች ሐበሻ ልጅ ተቀምጣለች። ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ ጸጉሯ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ተራ ብትቆም ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ተሳሳትኩ፣ ሌላዋን ተማሪ ነው ያገኘሁት ብዬ «ሰላም ነው እህቴ?» አልኳት። ፈገግ አለችና በካታላንኛ፣ ያውም እንደ እማማ ባለ ካታላንኛ፣ «ይቅርታ፣ አማርኛ አልችልም። ማርተ እባላለሁ፣ አንቺን ነው የምጠብቀው» አለችኝ።

በጉዲፈቻ የመጣች ናት። በሦስት ዓመቷ ከወላይታ፤ ያደገችው ቪክ ነው፣ ካታላንኛ ጠንክሮ የሚነገርባት ከተማ። ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ካታሎኒያ የገቡ ልጆች ብዙ ናቸው፣ አሁን እየጎረመሱ ነው፣ የአፍ መፍቻቸው ካታላንኛ ነው። መጀመሪያ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር ተቀምጦ የፈረንጅ ቋንቋ ያወራል? ሰው ቢያየን ምን ይላል?

አስተናጋጁ መጣ። በስፓኒሽ ምን እንታዘዝ አለ። ማርታ በካታላንኛ አንድ ማኪያቶ አለች። እሱ በስፓኒሽ፦ ትልቅ ነው ትንሽ? እሷ በካታላንኛ፦ ትንሽ። ከጠረጴዛው ሥር ጣቶቿን አየኋቸው፤ አንድ፣ ሁለት እያለች ትቆጥራለች። እሱ በስፓኒሽ፦ ስኳር? እሷ በካታላንኛ፦ ያለ ስኳር። ሦስተኛው ጣት ወጣ። ልጁ ቆም አለ፣ ፊቷን አየ፣ ከዚያ በካታላንኛ «ለእርስዎስ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ማርታ ሳቀች። «እድሜ ልኬን እንዲህ ነው» አለችኝ። «ፊቴን አይተው ነው የሚቀይሩት። ክፋት የላቸውም፣ ካታላንኛ ቢያወሩኝ ያስቸገሩኝ ይመስላቸዋል። ሦስት ጊዜ ጠብቂ። ካልሆነ ‹ፓርለም ኧን ከተላ› በያቸው።» በካታላንኛ አናግሩኝ ማለት ነው።

ያኔ ነው ዳቦ ቤቷ ሴትዮ የገባችኝ። ይሉኝታ ነው! ለእንግዳ ወንበር እንደመልቀቅ ቋንቋቸውን ይለቁለታል። እኛም ቤት እኮ እንግዳ ሲመጣ ቤተሰቡ መሬት ይቀመጣል። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ሄጄ በልቤ እየቆጠርኩ ጠበቅኳት። ሦስት አልበቃም፣ እስከ አምስት ሄድኩ። በአምስተኛው «አይ፣ ይቅርታ!» ብላ በካታላንኛ ገባችልኝ። አሁን ገና ከሩቅ ስታየኝ «ቦን ዲየ፣ ረይነ!» ትለኛለች። ንግሥቴ ማለት ነው፤ ለሁሉም ደንበኛ ነው የምትለው፣ ቢሆንም ደስ ይላል።

አሥሩን ሳምንት ከማርታ ጋር ጨርሰን አሁንም እንገናኛለን። በየሳምንቱ አንድ አማርኛ ቃል ትጠይቀኛለች። «ገና»ን ሳስተምራት የሚጠብቀውና የሚላላው አምታታት። የወረቀት መሐረብ ስባ በላዩ ላይ ባስተማርኳት ፊደል ጻፈች፣ «ገን·ና»፣ መሃሉ ላይ የካታላን ነጥብ አስቀምጣ። «አሁን ለየሁት» አለች። መሐረቡ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

እማማ ጋ ልመለስ። በየሐሙሱ የገበያ ዝርዝር እናወጣለን። እሳቸው ናቸው የሚጽፉት፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ግን እምቢ ይላሉ። አንድ ቀን ከትከሻቸው በላይ ሳይ፣ አፋቸው «ኦውስ» ይላል፣ እጃቸው እንቁላልን በስፓኒሽ ይጽፋል። አፋቸው «ፉርማጀ»፣ እጃቸው አይብን በስፓኒሽ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። እንዲህ መጻፍ አልተማርኩም አሉኝ። የተወለዱት በ1936 ነው። የፍራንኮ ጦር ባርሴሎና የገባው ጥር 1939፣ እሳቸው ትምህርት ቤት የገቡት ከዚያ በኋላ። ካታላንኛ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ቢሮ ወጥቶ ነበር። መነኩሴዋ አስተማሪ በካታላንኛ ሲያወሩ ከሰማቻቸው «በክርስቲያን ቋንቋ ተናገሪ!» ትላቸው ነበር፤ በስፓኒሽ ማለቷ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት፣ ሲጸልዩበት፣ ልጅ ሲያሳድጉበት የኖሩትን ቋንቋ ጽፈውት አያውቁም። እኔ አያቴ ቸሃ ትናገር ነበር፤ መርካቶ ያደግነው የልጅ ልጆቿ አንድም ቃል አልያዝንም። ይህን ለእማማ አልነገርኳቸውም። እስክሪቢቶውን ተቀብዬ ዝርዝሩን በካታላንኛ ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፣ እንቁላሉንም፣ አይቡንም፣ ባቄላውንም። ከዚያ አጥፈው የጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት፣ እኔም ያለ ዝርዝር ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ረሳሁ። ለአስተማሪዬ ቃል በቃል ስጽፍላት ሁለት ስህተት አገኘችበት።

በሚያዝያ 23 ደግሞ ጽጌረዳና መጽሐፍ ግዢ ብለው ላኩኝ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው፤ ከተማው በሙሉ ጽጌረዳ ተሸክሞ መጻሕፍት የተደረደሩባቸው ጠረጴዛዎች መሃል ይጋፋል። የእኛም እኮ ሚያዝያ 23 ነው! በራሳችን አቆጣጠር ስለሆነ ስምንት ቀን ዘግይቶ ይመጣል እንጂ ቁጥሩ ያው ነው። እማማ ደራጎኑ የሞተው ሙንብላንክ በምትባል የካታላን ከተማ ነው ይላሉ፣ ጽጌረዳው ከደሙ በቀለ። እኔ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ያለችው ብሩታዊት ናት፣ የቤሩት ልጅ፣ ቤሩትን እኔ ነኝ የማውቃት እላለሁ። ተከራክረናል፣ አልተሸናነፍንም።

እንግዲህ ነጥብ ስሰጥ፦ ኮርሱ ከአምስት አራት፣ ዳይፐሩን ካስገቡልን አምስት። ጥንድ ሆኖ የሚወራበት ፕሮግራም አምስት ከአምስት። መኖሪያ ወረቀት የምትጠብቁ ካላችሁ ካታሎኒያ ውስጥ የውህደት ሪፖርት (ከኅብረተሰቡ ጋር መዋሃዳችሁን የሚያሳየው ወረቀት) ሲዘጋጅ የኮርሱ ምስክር ወረቀት ይረዳል፣ አስቀምጡት። ስፓኒሹ እስኪሞላ አትጠብቁ፣ እንዲያውም ያልሞላበት ሰው ይሻላል፣ «ልወድቅ ነው» ብሎ ሳህን አይሰብርም። ደብተራችሁ ላይ በፊደል ጻፉ። ምዝገባው ሲከፈት ቀድማችሁ ተሰለፉ፤ «ዶስ ኳርትስ ደ ደው» ይከፈታል ካሏችሁ ደግሞ አሥር ተኩል አይደለም፣ ዘጠኝ ተኩል ነው። በእኛ ሦስት ተኩል።